200 የሥነ ሕይወት ቃላት በ3 ሳምንት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

«በባሕር ዳር ከተማ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ሳይንስን በአማርኛ ተምሬ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ዘንድሮ ግን ባዮሎጂ በሙሉ በእንግሊዝኛ ሆነና ቃላቱ አስቸገሩኝ። ወደ 200 የሚጠጉ ቃላትን በፊደል ተራ ገልብጬ፣ በግራ በኩል እንግሊዝኛውን በቀኝ በኩል ትርጉሙን ጽፌ፣ ማታ ማታ እየደጋገምኩ አነባቸዋለሁ። ሳነብ የያዝኳቸው ይመስለኛል። ፈተና ላይ ግን ሴል ዎልን ከሴል ሜምብሬን፣ ኦስሞሲስን ከዲፊዩዥን፣ ማይቶሲስን ከሜዮሲስ አቀያይራለሁ። ለማጠቃለያ ፈተናው 3 ሳምንት ቀርቷል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ውድ ተማሪ፣ ትጋት እንዳልጎደለሽ ከደብዳቤሽ ይታያል። በዚህችው ከተማ ለረጅም ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር እንዳንቺ ደብተራቸውን በቃላት ሞልተው ፈተና ላይ ባዶ እጃቸውን የቀሩ ብዙ ልጆች አይቻለሁና ጥያቄሽን ያነበብኩት በሐዘኔታ ነው። ያስቸገረሽ የዝርዝሩ አሠራር ይመስለኛል። በፊደል ተራ የተጻፈ ዝርዝር በድምፅ የሚመሳሰሉትን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሁለት መንትዮችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው የተዋወቀ ሰው ቆይቶ ማን ማን እንደሆነ መለየት እንደሚቸግረው ሁሉ፣ አንቺም ማይቶሲስንና ሜዮሲስን በአንድ ማታ ጎን ለጎን ስታጠኚ አእምሮሽ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን ተይውና ቃላቱን በየምዕራፋቸው፣ ይልቁንም በየሚሠሩት ሥራ መድቢያቸው። የሚመሳሰሉትን ሁለት ቃላት ደግሞ በተለያየ ቀን አጥኚያቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከጸኑልሽ በኋላ አንድ ቀን ወስደሽ ታነጻጽሪያቸዋለሽ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች 9ኛ ክፍል የገባን ተማሪ «አማርኛውን እርሳው፣ ያምታታሃል» ብለው ሲመክሩ እሰማለሁ። በዚህ ምክር ፈጽሞ አልስማማም። እስከ 8ኛ ክፍል የተማርሻቸው የአማርኛ ቃላት የእንግሊዝኛዎቹ ቁልፍ ናቸው። «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚለውን ቃል ተመልከቺ። «አስተጻመረ» በግእዝ አጣመረ፣ አገናኘ ማለት ነው። ተክሉ በብርሃን ኃይል ውኃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጣምሮ ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅንም ይለቃል። እንግሊዝኛው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማጣመር ማለት ነው። እንግዲህ ፎቶሲንተሲስ አንቺ ዓምና በአማርኛ ያወቅሽው ያው ቃል ነው፤ ግእዝ እኛን እንደሚያገለግል ሁሉ ግሪክና ላቲን የሳይንስን ቋንቋ ያገለግላሉ።

በዚህ ረገድ ከአገራችን የቅኔ ቤት የምንማረው አለ። በጎንጅም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ግስ ሲማር «ቀደሰ፣ አመሰገነ» ብሎ ቃሉን ከነፍቺው ይይዝና ከዚያ ርባውን ያወርዳል፤ ከአንዱ «ቀደሰ» ቅዱስን፣ ቅዳሴን፣ መቅደስን ያወጣል። ሥሩን ያወቀ ተማሪ ሰምቶት የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ፍቺውን ራሱ ይደርስበታል። የባዮሎጂ ቃላትም እንዲህ ይገሰሳሉ። «ክሎሮ» አረንጓዴ፣ «ሳይቶ» ሕዋስ፣ «ሄሞ» ደም፣ «ኤፒ» ላይ፣ «ኢንዶ» ውስጥ፣ «ደርሚስ» ቆዳ፣ «አውቶ» ራስ፣ «ሄትሮ» ሌላ፣ «ትሮፍ» መመገብ፣ «ሊሲስ» መፈታት ወይም መበተን የሚሉትን አሥር ሥሮች ብትይዢ ክሎሮፊልን፣ ክሎሮፕላስትን፣ ሳይቶፕላዝምን፣ ሄሞግሎቢንን፣ ኤፒደርሚስን፣ አውቶትሮፍንና ሄትሮትሮፍን በቀላሉ ትፈቻቸዋለሽ። ሄሞሊሲስ የሚል ቃል አይተሽ አታውቂ ይሆናል፤ አሁን ግን የቀይ የደም ሕዋሳት መፈረስ መሆኑን ለመገመት መዝገበ ቃላት አያስፈልግሽም። ከ200 ቃላትሽ ብዙዎቹ ከ30 ወይም ከ40 የማይበልጡ ሥሮች ልጆች ሆነው ታገኛቸዋለሽ።

የሁለቱ የሕዋስ አከፋፈል ዓይነቶች፣ የማይቶሲስና የሜዮሲስ ነገርም በሥሩ ይፈታል። ሜዮሲስ በግሪክ መቀነስ ማለት ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ያሉት 46 ክሮሞሶሞች፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚዎች፣ በሜዮሲስ ወደ 23 ይቀንሳሉ፤ የወንዱና የሴቷ የዘር ሕዋሳት ሲገናኙ እንደገና 46 ይሞላል። ማይቶሲስ ደግሞ ክር ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ሕዋሱ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹ በማይክሮስኮፕ እንደ ክር ሆነው ይታያሉና። በዚህኛው ቁጥሩ አይቀንስም፣ 46 የነበረው 46 ሆኖ ይቀጥላል። «የሚቀንሰው ሜዮሲስ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃሻለች።

አማርኛሽን ያዢ ስል ግን ሁለት ቦታ ላይ እንድትጠነቀቂ ማሳሰብ ይኖርብኛል። የመጀመሪያው «ሕዋስ» የሚለው ቃል ነው። በትምህርት ቤት ሕዋስ ሴል ነው፤ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ስንል ግን ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ ምላስንና ቆዳን ማለታችን ነው፤ እነዚህ በሳይንሱ አነጋገር እያንዳንዳቸው እልፍ አእላፍ ሴሎችን የያዙ ክፍለ አካላት ናቸው። ዓይን ሴል ነው ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች ስሕተታቸው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሁለተኛው «ትንፈሳ» ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ አየር ማስገባትና ማስወጣት ትንፈሳ ነው፤ ሬስፒሬሽን የሚባለው ግን በሕዋሱ ውስጥ፣ በአብዛኛው ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት ጥቃቅን የሕዋሱ ክፍሎች፣ ከስኳር ኃይል የሚወጣበት ሂደት ነው። ሳንባ የሌለው ዛፍም ቀንም ሌሊትም ይህን ያከናውናል። «ተክሎች ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ማታ ሬስፒሬሽን ያካሂዳሉ» የሚለው አባባል የተስፋፋ ስሕተት ነው።

ከቃሉ በፊት ነገሩን ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለዚህም አንቺ የምትኖሪበት ከተማ የታደለች ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ወደሚወርዱበት ዳርቻ ሂጂና አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛ ጎን ለጎን ተመልከቺ። ቆሮሶው በቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ አምባዛው ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ልሙጥ ነው። ዓሣው የሚተነፍስበትን ክፍል፣ የስንጥቡን ክዳን፣ በቆሮሶው ላይ ከፍ ብታደርጊ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ፣ ደም የሞላባቸው ቀያይ ክሮች ታያለሽ። በዚያች አንዲት ስንጥብ ላይ የአንድ ምዕራፍ ቃላት ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ስስ ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳት ሴል፣ አንድ ዓይነት ሕዋሳት አብረው የሠሩት ኅብረ ሕዋስ ቲሹ፣ ስንጥቡ ራሱ ኦርጋን፣ ስንጥቡ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚያገለግለው ሥርዓተ ትንፈሳ ሲስተም፣ ዓሣው ደግሞ ዘአካል፣ ኦርጋኒዝም ነው። ኦክስጅን ከውኃው ወደ ደሙ የሚሻገረው በዲፊዩዥን ነው። አምባዛ ከስንጥቡ በተጨማሪ ከአየር ኦክስጅን መውሰድ የሚያስችለው ክፍል ስላለው ከውኃ ወጥቶም ከቆሮሶ የበለጠ ይቆያል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ አምስቱን ቃላት በቅደም ተከተል ለመጻፍ ሲቸገር አይቼ አላውቅም።

ሴል ዎልንና ሴል ሜምብሬንን የሚለይልሽ ታንኳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በረድፍ የተደረደሩ ባዶ ክፍሎች አየና ትንሽ ክፍል ከሚል የላቲን ቃል ወስዶ ሴል አላቸው። ቡሹ የሞተ በመሆኑ ሁክ ያየው ግድግዳውን ብቻ ነበር፤ ሜምብሬኑም ውስጡም ጠፍተው ነበር። በጣና ላይ የሚቀዘፈው ታንኳ የሚሠራበት የደረቀ ደንገልም እንዲሁ ነው፤ ሕዋሳቱ ሞተዋል፣ ግድግዳቸው ግን ሳይፈርስ ቀርቷል፣ በውስጡም አየር ስለሞላ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሴል ዎል ማለት ሕዋሱ ሞቶም የሚቆመው፣ በተክል የሚገኝ፣ በእንስሳት ግን የሌለው ጠንካራ ግድግዳ ነው። ሴል ሜምብሬን ግን የተክልም የእንስሳም ሕዋስ ሁሉ አለው፤ ስስ ነው፣ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣም ይመርጣል። ዓሣው ሜምብሬን ብቻ አለው፣ ሳይደርቅ በሕይወት ያለ ደንገል ግን ሁለቱም አሉት።

ኦስሞሲስንና ዲፊዩዥንን ከወጥ ቤት ታገኛቸዋለሽ። እናትሽ ጥግ ላይ ያጨሱት ዕጣን ጥቂት ቆይቶ ቤቱን ሁሉ ሲያውደው ሽታው ከበዛበት ወደ አነሰበት መሰራጨቱ ዲፊዩዥን ነው። የቲማቲም ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሰሽ ጥቂት ብታቆዪው ሳሕኑ ሥር ውኃ ያቁራል፤ ውኃው ከሕዋሳቱ ውስጥ በሜምብሬን በኩል ጨው ወደ በዛበት ወጥቷል፣ ይህም ኦስሞሲስ ነው። ፈታኙ የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች «ውኃ» እና «ሜምብሬን» የሚሉት ናቸው፤ በመልስሽ ውስጥ ሁለቱ ከሌሉ ኦስሞሲስን አልገለጽሽም። የመራባትን ምዕራፍ በተመለከተም እምቦጭን ብታስቢ ይበቃል። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣና ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀ መጤ አረም በዘርም ይራባል፣ ከእናቲቱ ተክል በሚወጣ አግዳሚ ግንድ አዲስ ተክል በማብቀልም ይራባል፤ የመጀመሪያው ጾታዊ፣ ሁለተኛው ኢጾታዊ ርቢ ነው። በፍጥነት የሚስፋፋውም ሁለቱንም መንገድ ስለሚጠቀም ነው።

አሁን ወደ አጠናንሽ ልመለስ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ቶሎ ይጠፋል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የለሽ ቃላትን ራሱ እያጠና የመርሳትን ፍጥነት ለክቶ ነበር፤ የሚረሳው አብዛኛው ነገር የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን ከፈተኑት ጋር አነጻጸሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። «ሳነብ የያዝኳቸው ይመስለኛል» ያልሽው የ5 ደቂቃውን ውጤት ነው፤ ፈተናሽ ግን ከሳምንታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ደብተርሽን ዝጊና በባዶ ወረቀት ላይ ሕዋስ ሥለሽ የክፍሎቹን ስም ጻፊ። የተሳሳትሽውን ብቻ ከፍተሽ እይ። ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ትንንሽ ካርዶች ቁረጪና በአንድ ፊት ቃሉን፣ በሌላው ፊት ፍቺውን ሳይሆን ሥራውንና የምታውቂውን ምሳሌ ጻፊ፤ ሚቶኮንድሪያ በሚለው ጀርባ «ከስኳር ኃይል የሚወጣበት» ብሎ መጻፍ ከማንኛውም የመዝገበ ቃላት ፍቺ ይሻላል። ካርዱን በሁለቱም አቅጣጫ ተጠየቂ፤ ፈተናው አንዳንዴ ቃሉን ሰጥቶ ፍቺ፣ አንዳንዴ ፍቺውን ሰጥቶ ቃል ይጠይቃልና። በቀን ከ15 የማይበልጡ አዳዲስ ቃላት ያዢ፤ ዛሬ የያዝሻቸውን ነገ፣ ከዚያ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ተጠየቂ። በዚህ ስሌት 200ውን በ2 ሳምንት ትጨርሻለሽ፤ ሦስተኛውን ሳምንት አዲስ ቃል አትጨምሪበት፣ መጠየቂያና ማነጻጸሪያ ይሁን።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። «ፍ» የሚል ድምፅ ይዘው ከግሪክ የመጡ ቃላት በእንግሊዝኛ «ፒ» እና «ኤች» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጻፋሉ፤ ፎቶሲንተሲስም ክሎሮፊልም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ቁጥርም ተማሪን ያስቸግራል፤ ሚቶኮንድሪየን አንድ፣ ሚቶኮንድሪያ ብዙ ነው፤ ባክቴሪየም አንድ፣ ባክቴሪያ ብዙ ነው። ይህ እንግዳ እንዳይመስልሽ፤ እኛም መጽሐፍን መጻሕፍት፣ ሕዋስን ሕዋሳት የምንለው የግእዙን ብዙ ቁጥር ጠብቀን ነው።

«ነዋሪነቴ በዘጌ ነው። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፣ ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና ይወስዳል። እኔ ከ4ኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቡና ለቅሜ ነው የማስተምረው። የሳይንስ ቃላቱን እንዲያጠና ልረዳው ብፈልግም እኔው የማላውቀውን እንዴት አድርጌ?»
አባት፣ ከዘጌ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ማንበብ መቻልዎ ይበቃል። ደብተሩን እርስዎ ይያዙና ይጠይቁት፤ ቃሉን ሲነግርዎ «የት ይገኛል? ምን ይሠራል?» ብለው ይጨምሩ። ልጅ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል፤ ስለዚህ አለማወቅዎ ለእርሱ ይጠቅመዋል። መልሱን ሲሳሳት ትክክለኛውን ቶሎ አይንገሩት፤ ጥቂት ይታገል።

ከዚህ ሌላ ከመምህሩ የማይተናነስ ዕውቀት በእጅዎ አለ፤ እርሱም ቡናው ነው። ዝናብ ጥሎ ቡናው ነጭ ሆኖ ሲያብብ ልጁን ይዘው የአበባውን ወንዴ ክፍልና ሴቴ ክፍል እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ብናኙ ከወንዴው ወደ ሴቴው ሲደርስ «ርክበ ብናኝ» ይባላል፤ የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚያፈራ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኮፊያ አረቢካ ብሎ የሰየመው መገኛው ዓረብ አገር መስሎት ነበር፤ የዚህ ቡና መገኛ ግን አገራችን ናት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቡናው ልጁን ሊያሳስተው ይችላል። ተማሪዎች ተክሎችን ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ ብለው እንዲመድቡ ይጠየቃሉ። ባቄላን ወይም አተርን ሲከኩት ለሁለት የሚከፈለው እውነተኛው ክክ ነው። የቡናን ቀይ ፍሬ ሲፈለፍሉ የሚያገኟቸው ሁለቱ ግን ክኮች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች ናቸው። ቡና ባለ ሁለት ክክ መሆኑ የሚታየው ዘሩ በቅሎ ከአፈር ሲወጣ መጀመሪያ በሚዘረጋቸው ሁለት ክብ ቅጠሎች ነው። ችግኝ በሚያፈሉበት ጊዜ ያሳዩት። ጤፍ፣ በቆሎና ደንገል ባለ አንድ ክክ ናቸው፤ የቅጠላቸውን ደም ሥሮች ቢያዩ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የቡና ቅጠል ላይ ያሉት ግን እንደ መረብ የተሳሰሩ ናቸው።

«ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የምናያቸው ጉማሬዎች ሳይንሳዊ ስማቸው ሂፖፖታመስ አምፊቢየስ እንደሆነ አነበብኩ። ታዲያ ጉማሬ እንደ እንቁራሪት አምፊቢያን ነው ማለት ነው?»
የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

አይደለም። «ሂፖ» ፈረስ፣ «ፖታሞስ» ወንዝ ሲሆን፣ «አምፊ» ሁለቱም፣ «ባዮስ» ሕይወት ማለት ነው፤ በውኃም በየብስም የሚኖር የወንዝ ፈረስ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1758 ይህን ስም የሰጠው ሊኒየስ የገለጸው አኗኗሩን ነው። አምፊቢያን የሚባለው መደብ ግን በሌላ መለኪያ ይታወቃል፤ እንቁራሪት ውኃ ውስጥ ዕንቁላል ትጥላለች፣ ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ በስንጥብ ይተነፍሳል፣ ሲያድግ ደግሞ ሳንባ ያወጣል። ጉማሬ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ግልገሉንም ወልዶ ያጠባል፤ ስለዚህ አጥቢ ነው። ፈተና ላይ እንስሳን በስሙ ከመደብክ በአማርኛም ትሳሳታለህ፤ ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም፣ የሌሊት ወፍም ወፍ አይደለችም፤ ሁለቱም እንደ ጉማሬው ልጆቻቸውን የሚያጠቡ ናቸው።